«ውሃ ልክ አምጣ!»

አንደኛ አቅራቢ፦ ተማሪ ሳለሁ አንድ ክረምት ሰባታሚት በሚባል አካባቢ በቀን ሥራ ገብቼ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ግንበኛው «ሩጥ፣ ውሃ ልክ አምጣ!» አለኝ። ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዤ ስመጣ ሁሉም ሳቀ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ውሃ ልክ የግድግዳ ማስተካከያ መሣሪያ መሆኑን ማን ነግሮህ!

አንደኛ አቅራቢ፦ ማንም። ከዚያ ወዲያ ያልገባኝን መጠየቅ ፈራሁ። መወጣጫው ጠንክሮ መታሰሩን እንኳ ሳልጠይቅ እወጣ ነበር።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ አደጋው እዚህ ላይ ነው። የተሳቀበት ሰው ዝም ይላል፤ በግንባታ ቦታ ደግሞ ዝምታ ሕይወት ያስከፍላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው በቂ መመሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል።

አንደኛ አቅራቢ፦ የአዲስ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜም እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል። በዚያ ጊዜ ያለማስጠንቀቂያ ሊሰናበት የሚችል ሰው ቢከፋውም ለማን አቤት ይላል?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ቀልድ ያቀራርባል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ አዲሱም አብሮ ሲስቅ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሌላው ሲስቅ ግን ንቀት ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው ይባል የለ? ለአዲስ ሠራተኛም እንዲሁ ይሁን።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ ነገ አዲስ ሰው ሲመጣ መሣሪያውን በእጁ አስይዙት፤ ስሙንም፣ አሠራሩንም ንገሩት።