ሰባት ቤት ቆጥረን፣ አሟሟታቸውን ሳንጠይቅ

ከረሆቮት ነኝ፤ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ተማሪ። አማርኛዬ ቢደናቀፍ ይቅር በሉኝ፤ የዛሬው ወሬዬም ስለ አንድ የተደናቀፈ ትርጉም ነው።

አምና አያቴን ይዤ ኩፓት ሆሊም ሄድኩ። እንደ ብዙዎቻችሁ፣ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ሐኪሟ «ከቤተሰብ አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩ። አያቴም «ኧረ የለም» አሉ።

ወደ ቂርያት ሞሼ ስንመለስ ግን፣ እንደ ዋዛ፣ «ወንድሜ ጎንደር እያለን 'ራሴን!' ብሎ ጮኾ ወደቀ፤ ሳይመሽ ሞተ። እህቴም እንደዚያው ሆና ነው የሄደችው» አሉኝ።

«ታዲያ እማማ፣ ለምን አልነገሯትም?»

«እሷ የጠየቀችኝ ስለ ደም ነው። እኛ ደም አላየንም።»

በቃ፣ ዝም አልኩ።

አንዩሪዝም ማለት የደም ቅዳ ቧንቧ ግድግዳ አንድ ቦታ ላይ ሳስቶ እንደ ፊኛ ሲያብጥ ነው። ከ100 ጎልማሶች 3 ያህሉ አንጎላቸው ውስጥ አለባቸው፤ አብዛኛው ሳይፈነዳ ይኖራል። ከፈነዳ ግን ደሙ የሚፈሰው ራስ ቅል ውስጥ ነው። አያቴ ልክ ናቸው፣ ደሙን ማንም አያይም።

በዘር ይመጣል ወይ? በከፊል። የኩላሊት ውኃ መቋጠር በሽታ በውርስ ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ለአብዛኛው ሰው ግን ጥፋተኛው አንድ ጂን አይደለም። በ2020 የወጣ ትልቅ ጥናት ከ10,000 በላይ ሕመምተኞችን አይቶ፣ ከአንዩሪዝም ጋር የተያያዙ 17 የዲኤንኤ ቦታዎችን አገኘ። አንደኛው የቧንቧን ውስጠኛ ሽፋን የሚመለከተው ሶክስ17 አጠገብ ነው። የተጠኑት ግን የአውሮፓና የምሥራቅ እስያ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ናቸው። እኛ እዚያ የለንም። ስለዚህ ለኛ የቤተሰብ ታሪክ ትልቅ ነገር ነው።

ኤፒጄኔቲክስ ደግሞ ሌላ ነው። የጂኑ ፊደል ሳይቀየር፣ ሜቲል የሚባል ትንሽ ምልክት ተለጥፎበት ጂኑ እንዲሠራ ወይም ዝም እንዲል ያደርጋል። ይህን ካስተማሩን መካከል የኢየሩሳሌሙ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ሴዳርና አሃሮን ራዚን አሉ፤ በ2008 የዎልፍ ሽልማት ያገኙት። ሲጋራ እነዚህን ምልክቶች ይለውጣል። ያ ለውጥ የቧንቧን ግድግዳ እንዴት እንደሚያሳሳ ተመራማሪዎች ገና እያጠኑት ነው። ሲጋራና የደም ግፊት አደጋውን እንደሚጨምሩ ግን የታወቀ ነው። ዘራችንን አንመርጥም፤ ሲጋራውን ማቆም፣ ግፊቱን መለካት ግን በእጃችን ነው።

የአያቴ ወንድምና እህት የሞቱት በዚህ ይሁን በሌላ፣ ዛሬ ማረጋገጥ አይቻልም። ቢሆንም ተመልሰን ለሐኪሟ ነገርናት። ሁለት የቅርብ ሥጋ ዘመድ እንዲህ የሆነበት ሰው የአንጎል ቧንቧ ምስል እንዲነሣ ይመከራል። ታዘዘላቸው፤ ቀጠሯቸውን እየጠበቅን ነው።

ወላጆቻችን ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ስም በስም ያውቁታል! እኛ ደግሞ አንድ ጥያቄ እንጨምርበት። በዚህ ሰንበት ቡና ሲፈላ ጠይቁ፦ «ደም ፈሶት ነበር?» ሳይሆን፣ «ራሱን ይዞ ድንገት የወደቀ አለ?» በሉ። የሰማችሁትንም ጽፋችሁ ለሐኪም ስጡ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከዚህ በፊት አይታችሁት የማታውቁት ራስ ምታት ድንገት ከመታችሁ፣ «ምች ነው» ብላችሁ አትተኙ። 101 ደውሉ።

ደህና ሁኑ፤ አያቶቻችሁን ሳሙልኝ።