ፎቶ ማንሳት እንጀራ ሲሆን



ለማስተማር ወደዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ካሜራዬን በትከሻዬ ላይ እያያችሁ፣ «ለመሆኑ ይኼ ነገር እንጀራ ይሆናል ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። በተለይ በእጅ ስልክ ፎቶ ማንሳት የለመዱ ወጣቶች አጥብቀው ጠይቀውኛል። እኔም ብሆን ገና ጀማሪ ነኝ። ሆኖም ከጀማሪ ስሕተትም የሚማር አይጠፋምና የማውቀውን ላካፍላችሁ።

«ፎቶግራፍ» የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «በብርሃን መጻፍ» ማለት ነው። ፈረንሳዊው ዳጌር የፈለሰፈው ፎቶ የማንሳት ዘዴ ለዓለም የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። በአገራችንም ቤድሮስ ቦያጂያን የተባሉ አርመናዊ አዲስ አበባ ውስጥ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነው ሠርተዋል፤ ልጆቻቸውም ያንኑ ሙያ ተከትለዋል። እንግዲህ ሙያው ቤተሰብ ያኖረ፣ ታሪክም ያቆየ ነው።

ታዲያ ለራሱ ደስታ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ባለሙያ የሚባለው መቼ ነው? ውድ ካሜራ ሲገዛ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሰው አምኖ ሥራውን ሲሰጠው፣ እሱም አደራውን ሲጠብቅ ነው እላለሁ። ይህን ያስተማረኝ የገዛ ጥፋቴ ነው።

በሰፈራችን አንዲት ልጅ ስትዳር፣ «አንተ ፎቶ ታነሳ የለም እንዴ? ሰርጉን አንሳልን» ተባልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀብድ ተቀበልኩ፤ 500 ብር። ከደስታዬ ብዛት ብሩን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። ውል የለ፣ ደረሰኝ የለ፤ ሁሉም ነገር በቃል ነው። በሰርጉ ዕለት ከማለዳ እስከ ማታ ስሮጥ ዋልኩ። የሙሽራዋ አያት ከዘራቸውን ተደግፈው ሲመርቁ፣ ሙሽራዋም ጉልበታቸውን ስትስም አነሳኋቸው። ያን ጊዜ፣ «የዛሬው ሥራዬ እንኳ ይኼ ነው» ብዬ ነበር።

ፎቶዎቹ ሁሉ የነበሩት በአንዲት ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። ሚሞሪ ካርድ ማለት ካሜራው ያነሳውን የሚያስቀምጥባት፣ ቴምብር የምታህል ትንሽ ዕቃ ናት። በሦስተኛው ቀን ጓደኞቼ ለሽርሽር ጠሩኝ። ካሜራዬን ብከፍት ካርዱ ሞልቷል። ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒዩተር የገለበጥኳቸው መስሎኝ ሁሉንም አጠፋኋቸው። ለካስ አልገለበጥኳቸውም ነበር።

አፍሬ ተደበቅሁ። ዛሬ እነግራለሁ፣ ነገ እነግራለሁ እያልኩ ሳመነታ አያትየው አረፉ። ከቀብሩ በኋላ የሙሽራዋ እናት ከቤታችን ድረስ መጡ። «ልጄ፣ እማማ ሲመርቁ ያነሳሃቸውን ፎቶ አሳጥበህ ስጠኝ» አሉኝ። «እትዬ፣ ጠፍቶብኛል» ብዬ እውነቱን ተናገርኩና 500 ብሩን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም። «ብሩን ምን ላድርገው? እኔ የምፈልገው እናቴን ነው» ብለው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ በሰርጉ ላይ የነበሩትን እንግዶች ስልክ ሁሉ ስፈልግ ከረምኩ። የተገኘው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። እሱም ብዥ ያለ፣ አያትየውም ከዳር ቆመው ግማሽ ፊታቸው ብቻ የሚታይበት ነው። አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። ዛሬም ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል። ባየሁት ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

ወገኖቼ፣ ወደዚህ ሙያ ለመግባት ለምታስቡ አራት ነገር ልምከራችሁ።

አንደኛ፣ ያነሳችሁትን ፎቶ በዚያው ዕለት ማታ በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ሁለቱንም ከፍታችሁ በዓይናችሁ ሳታዩ ካርዱ ላይ ያለውን አታጥፉ። ደክሞኛል፣ ነገ ይደርሳል አይባልም።

ሁለተኛ፣ ብርሃንን አጥኑ። የቀትር ፀሐይ ከዓይን ሥር ጥላ ይጥላል። ጧትና ወደ ማታ ግን ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ቤት ውስጥ ስታነሱ ሰውየውን ወደ በሩ ወይም ወደ መስኮቱ አስጠጉት። መስኮቱ ከጀርባው ከሆነ ፊቱ ይጨልማል። ነጭ ነጠላ የለበሱ ሰዎችን ስታነሱም ተጠንቀቁ። ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ፎቶውን ያጨልመዋል፤ የሰዎቹም መልክ አይለይም። ስለዚህ ብርሃኑን በነጠላቸው ሳይሆን በፊታቸው ለኩ። በስልክ ከሆነ የምታነሱትን ሰው ፊት መስተዋቱ ላይ በጣት መንካት ነው። እስክስታ የሚመታ ሰው እንዳይደበዝዝባችሁ ደግሞ የካሜራውን ፍጥነት ከሴኮንድ 1/250ኛ አታሳንሱ።

ሦስተኛ፣ ጻፉ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ? ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ነው። አንድ ደብተር ያዙና የደንበኛውን ስም፣ የሥራውን ቀን፣ የፎቶውን ብዛት፣ የሚያስረክቡበትን ቀን፣ ዋጋውንና ቀብዱን መዝግቡ። ሁለታችሁም ፈርሙበት። ዋጋንም በግምት አትጥሩ። ለሒሳብ ልምምድ ያህል እንዲህ እንበል፦ 40 ፎቶ ለማሳጠብ አንዱ በ20 ብር 800 ብር፣ ለአልበም 600 ብር፣ ለመጓጓዣ 200 ብር፣ ለካሜራው ማደሻ የሚቀመጥ 400 ብር። ድምሩ 2,000 ብር ይሆናል። እንግዲህ ሥራውን በ2,000 ብር የተዋዋለ ሰው ድካሙን በነፃ ሰጠ ማለት ነው።

አራተኛ፣ ሰውን አክብሩ። ሳታስፈቅዱ አታንሱ፤ በለቅሶ ቤትማ ይልቁንም። «ፎቶውን እልክልሃለሁ» ብላችሁ ቃል ከገባችሁ ላኩ። ቀርቶበት የተቀየመ ሰው ሁለተኛ ፊቱን አይሰጣችሁም።

«ካሜራ የለኝም» የሚል ቢኖር ተስፋ አይቁረጥ። ፎቶ ቤት ረዳት ሆኖ ጉርድ ፎቶ ከማንሳትና ከመቁረጥ የሚጀምር ሰው ብርሃኑንም፣ የደንበኛውንም ጠባይ ይማራል። ጓደኛሞች ተሰብስበው እቁብ ጥለው በየተራ ካሜራ ሊገዙ ይችላሉ። የራስን ፎቶ ቤት መክፈት፣ ንግድ ፈቃድ ማውጣት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ንግግሬን ከማብቃቴ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ሳምንት ከተማሪዎቻችን አንዲት እናት ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። አስፈቅጄ አነሳኋቸው። ማታውኑ ፎቶውን በሁለት ቦታ አስቀመጥኩ፤ ስማቸውንና የማስረክብበትን ቀንም በደብተሬ መዘገብኩ። ታጥቦ ሲመጣ ስማቸውንና ቀኑን ከጀርባው የሚጽፉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።