ለእናት መኪና ስንመርጥ

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «ለወላጅ የሚሆን፣ ዋጋው የሚቻል፣ የማያስቸግርና ቤንዚን የማይበላ መኪና» የሚል ነው። መካኒክ አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለእናቴ መኪና ስፈልግ አራት ወር ሙሉ ከዲለር ዲለር ዞሬአለሁ። ከዚያ ወዲህም ከሦስት አባሎቻችን ጋር አብሬ ሄጃለሁ።

ርዕሱ ለምን እንደተመረጠ ይገባኛል። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከከተማ ወጣ ብለን የምንኖር ብዙዎች ነን። አውቶቡስ እንደ ልብ አይገኝም። መንጃ ፈቃድ ኖሯት መኪና የሌላት እናት ለሐኪም ቀጠሮ ልጅ ከሥራ እስኪቀርላት ትጠብቃለች፤ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም የሰው ፊት ታያለች። አረጋውያንን እየተንከባከበች የምታድር ከሆነች ደግሞ በሌሊት የምትመለስበት የላትም። ቀስ በቀስ «ይቅርብኝ» ማለት ትለምዳለች። እኔን ያስፈራኝ ይህ «ይቅርብኝ» ነው።

ልጆች መኪና ስንመርጥ በሞዴልና በዋጋ እንጀምራለን። እኔ ግን ከጉልበት እንድንጀምር እለምናችኋለሁ። እናታችሁን ሳትይዙ አትሂዱ። በር ከፍታ ትግባ፣ ትውጣ፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። እናቴ ኮሮላ ውስጥ ገብታ ስትወጣ የበሩን ጫፍ ይዛ «ልጄ፣ ይሄ መኪና ነው ጉድጓድ?» አለችኝ። ኮሮላ በጥንካሬው የሚታማ መኪና አይደለም፤ ወንበሩ ግን ዝቅ ያለ ነው። ጉልበቷን ወይም ወገቧን ለሚያማት ሰው ወንበሩ ከዳሌዋ ጋር እኩል የሆነ መኪና ይሻላል፤ መውረድም መንጠላጠልም የለበትም። ራቭ4ና ሆንዳ ኤችአርቪ እንዲህ ዓይነት ናቸው።

ብዙዎቹ እናቶቻችን አጭር ናቸው። ፔዳሉ እንዲደርስላቸው ወንበሩን ወደ ፊት ሲስቡ ደረታቸው ከመሪው ጋር ይጠጋል። በመሪው ውስጥ ያለው ኤርባግ በኃይል ስለሚፈነዳ፣ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከደረት አጥንት እስከ መሪው መካከል ቢያንስ 10 ኢንች እንዲኖር ይመክራል። ስለዚህ መሪው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚስተካከል፣ ወንበሩም ከፍ የሚል መሆኑን እዩ። እኔ የልብስ ስፌት ሜትር ይዤ ነበር የምሄደው። ሻጮቹ ይስቁ ነበር፤ ይሳቁ።

የአየር ማሞቂያውንና ሬዲዮውን በሚዞር ቁልፍ የምታስተካክልበት መኪና፣ ሁሉ ነገር በስክሪን ከሚነካካው ይሻላታል። የኋላ ካሜራ ከግንቦት 2018 ወዲህ በተሠሩ አዳዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ በሕግ ግዴታ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ መኖሩን ጠይቁ። አንገት ማዞር ለሚከብዳት እናት ይህ ቅንጦት አይደለም።

አሁን ወደ ቤንዚኑ ልምጣ። እስቲ አብረን እናስላ። እናቴ በሳምንት 150 ማይል ያህል ትነዳለች፤ በዓመት 8,000 ማይል ገደማ መሆኑ ነው። ለስሌት እንዲመቸን አንዱን ጋሎን በ3 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንያዘው። በጋሎን 25 ማይል የሚሄድ ከፍ ያለ መኪና በዓመት 1,120 ዶላር ይጨርሳል። 32 ማይል የሚሄድ ኮሮላን የመሰለ 875 ዶላር ይበቃዋል። 50 ማይል የሚሄድ እንደ ፕሪየስ ያለ ሃይብሪድ ደግሞ 560 ዶላር።

እንግዲህ ልዩነቱን እዩት። ከፍ ያለው መኪና ከኮሮላው የሚበልጠው በወር 20 ዶላር ያህል ነው። ለእናቴ ጉልበት በወር 20 ዶላር አልበዛብኝም። ሃይብሪዱ ከኮሮላው በዓመት 315 ዶላር ያድናል፤ ነገር ግን ሲገዛ በ4,000 ዶላር የሚበልጥ ከሆነ ያንን ለመመለስ ከ12 ዓመት በላይ ይፈጃል። በዓመት 25,000 ማይል ለሚነዳ አባት ግን፣ ለምሳሌ ኡበር ለሚሠራ፣ ያው ሃይብሪድ በአራት ዓመት ግድም ወጪውን ይመልሳል። ስለዚህ «ሃይብሪድ ይሻላል ወይ?» ለምትሉኝ መልሴ «ስንት ማይል ትነዳለች?» የሚል ጥያቄ ነው። አሮጌ ሃይብሪድ ከሆነ የትልቁ ባትሪ ዋስትና እንዳላለቀ እዩ። የቶዮታ ዋስትና እስከ 2019 ሞዴል ድረስ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው፤ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ሆኗል። ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ዋስትናውን ይዘጋዋል።

ቤንዚን ለመቆጠብ ይህን ያህል የምንጨነቅ ሰዎች የብድር ወረቀቱን ሳናነብ እንፈርማለን። 12,000 ዶላር በአምስት ዓመት ለመክፈል በ6 በመቶ ወለድ ብንበደር በወር 232 ዶላር ነው። በ18 በመቶ ከሆነ 305 ዶላር ይሆናል። መጨረሻ ላይ የሁለቱ ልዩነት ከ4,300 ዶላር በላይ ነው። የትኛውም ሃይብሪድ ይህን አይመልስም። አንድ ዲለር ዘንድ ስለ መኪናው ዋጋ ስጠይቅ ሻጩ ደጋግሞ የሚመልስልኝ «በወር ስንት መክፈል ትችያለሽ?» እያለ ነበር። እንዲህ ሲሏችሁ ጠቅላላ ዋጋውን፣ ታክሱና የሰነድ ክፍያው ተጨምሮ፣ በወረቀት ጠይቁ። ከመሄዳችሁ በፊት ከባንካችሁ ወይም ከክሬዲት ዩኒየን የብድር ፈቃድ ይዛችሁ ሂዱ። እቁብ የምንጥል ደግሞ ዕጣችንን ለዚህ ብናውለው ወለድ የሚባል ነገር የለበትም። እኔ ግማሹን የከፈልኩት በእቁብ ነው። ጸሐፊያችንን እዚሁ ላመስግናት፤ ተራዋን ለእኔ አሳልፋ ሰጥታኛለች።

ስለ ጥንካሬው ብዙ አልልም፤ ቶዮታና ሆንዳ ስማቸውን ያገኙት በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ስም ብቻውን አይነዳም። ዘይቷ በጊዜው ሲቀየር ኖሮ ወረቀቱ የተያዘላት 90,000 ማይል የሄደች መኪና፣ ታሪኳ ከማይታወቅ 50,000 ማይል ከሄደች ትሻለኛለች። ልታዩ ስትሄዱ ሞተሩን ቀድመው እንዳያሞቁት ንገሩ፤ ስትደርሱም ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ብርድ ላይ ሲነሳ ነው ጉዱ የሚታወቀው። ምንጣፉን ገልጣችሁ አሽትቱ፤ በጎርፍ የተነከረ መኪና ሽታው አይለቅም። ታይትሉን፣ አገር ቤት ሊብሬ የምንለውን፣ ሳታዩ ገንዘብ አትስጡ፤ «ሳልቬጅ» የሚል ካለበት መኪናው ክፉኛ ተጎድቶ የነበረ ነው።

ከዚያ የራሳችሁ መካኒክ ዘንድ ውሰዱት። «መካኒክ እንዲያየው አልፈቅድም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ «ደኅና ዋል» ብላችሁ ውጡ። በፊት መስታወቱ በሾፌሩ በኩል የሚታየውን 17 ፊደልና ቁጥር ጻፉና በመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። ያልተጠገነ የፋብሪካ ጉድለት ካለበት ይነግራችኋል፤ ጥገናው በነጻ ነው። በታካታ ኤርባግ ምክንያት ብቻ በአሜሪካ ወደ 67 ሚሊዮን ኤርባጎች እንዲቀየሩ ተጠርተዋል፤ ሳይቀየርላቸው ዛሬም የሚሸጡ አሉ።

ብዙ ሰው «በሦስት ቀን ውስጥ እመልሰዋለሁ» ይላል። እንዲህ ያለ የፌዴራል መብት ዲለር ቤት ሄዳችሁ ለገዛችሁት መኪና የለም። በመስታወቱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት «አዝ ኢዝ» የሚለው ላይ ምልክት ካለ፣ ሻጩ ዋስትና አልሰጥም እያለ ነው።

ኤስኤስአይ የሚቀበሉ እናቶች ስላሉን አንድ ነገር ልጨምር። ለመጓጓዣ የምትጠቀምበት አንድ መኪና፣ ዋጋው ምንም ቢሆን፣ እንደ ሀብት አይቆጠርባትም። የመግዣውን ገንዘብ ግን በእሷ የባንክ ሒሳብ አታስገቡት፤ ለአንድ ሰው የተፈቀደው የሀብት ጣሪያ 2,000 ዶላር ነውና ወርኃዊ ድጎማዋን ሊያስቆርጥባት ይችላል። መኪናውን እናንተ ገዝታችሁ ስጧት፤ መስጠታችሁንም ለቢሮው አሳውቁ። ኢንሹራንስ ላይም ዋናዋ ነጂ እሷ መሆኗ ይጻፍ። ሊቀንስልን ብለው በልጅ ስም የሚያደርጉ አሉ፤ አደጋ የደረሰ ቀን ኩባንያው አልከፍልም ሊል ይችላል። ዋጋውንም ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከመኪና መኪና በጣም ይለያያል።

እናቴ በመጨረሻ የወሰደችው የ2018 ራቭ4 ነው፤ 71,000 ማይል የሄደ። ቀለሙን አልወደደችውም። ትናንት ስደውልላት ግን ቤት አልነበረችም፤ ለቅሶ ልትደርስ ብቻዋን ሄዳ ነበር።

የስሌቱን ወረቀት አባዝቼ በር ላይ አስቀምጫለሁ፤ የእናታችሁን ማይል አስገብታችሁ አስሉት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጻ ነኝ፤ መኪና ልታይ የምትሄድ ካለች አብሬያት እሄዳለሁ። ሜትሩንም እይዛለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።