የማራችን ስምና የደንበኛ አመኔታ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣
የተከበራችሁ የወረዳና የቀበሌ አመራሮች፣



የአምባሰል ማር ስም ያለው መሆኑን ለእናንተ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሐይቅ ወይም ውጫሌ ገበያ የወጣ ገዢ ቀምሶ፣ አሽትቶ፣ ሻጩንም በአባቱ ስም ጠርቶ ይገዛል። አዲስ አበባ ያለው ገዢ ግን ይህ ዕድል የለውም። ቅቤ በሙዝ፣ በርበሬ በሸክላ አፈር፣ ማር በስኳር ተቀላቅሎ ተያዘ ሲባል ስለሚሰማ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

የኅብረት ሥራ እንቅስቃሴም ከዚህ ችግር ጋር አብሮ ያደገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ የጥቂት ሠራተኞች ማኅበር ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና አጃ ይዞ ሱቅ ከፈተ። ስሙን ያስጠራው ያልተደባለቀ ዕቃ በትክክለኛ ሚዛን መሸጡ ነው።

ዛሬ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ከሩቅ ገዢ ጋር ያገናኙናል። ሆኖም አመኔታን የሚያስገኘው የምናሳየው ሥራ ስለሆነ የሚከተሉትን ነጥቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አሠራራችንን እናሳይ። ማሩ ከመቆረጡ በፊት የማር እንጀራው በሰም መሸፈኑን፣ የርጥበት መጠኑም በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት ከ20 በመቶ አለመብለጡን በተንቀሳቃሽ ምስል ማሳየት ይቻላል። ማር ሲረጋ ብዙ ገዢ ስኳር የገባበት ይመስለዋል። ንጹሕ ማርም እንደሚረጋና ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ሲቀመጥ እንደሚፈታ እናስረዳ።

ሁለተኛ፣ ዋጋና ሚዛን በግልጽ ይጻፍ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ሻጭ ገዢን ያሸሻል። በዕቃው ላይ የማኅበሩ ስም፣ ማሩ የተቆረጠበት ወርና የምድብ ቁጥር ይታተም።

ሦስተኛ፣ ቅሬታ አይሰረዝ። ኃላፊነት የተሰጠው አንድ ሰው በዕለቱ መልስ ይስጥ፤ ጥፋቱ የእኛ ከሆነም ዕቃው ይቀየር ወይም ገንዘቡ ይመለስ። ይህንን ሌላው ገዢ ሁሉ ያነበዋል።

አራተኛ፣ ከማጭበርበር እንጠበቅ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያ ቀሏል፤ የክፍያ ማረጋገጫ ምስል ግን በሐሰት ሊዘጋጅ ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡ ሒሳባችን ውስጥ መግባቱ ሳይረጋገጥ ዕቃ አይላክ። በስማችን ሐሰተኛ ገጽ የሚከፍትም ስለማይጠፋ ትክክለኛው ስልክና የሒሳብ ቁጥር በዕቃው ላይ ይጻፍ።

በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። በመሆኑም የደንበኞች ስልክ ቁጥር በመዝገብ ይያዝ። መስመር ሲጠፋ ደንበኛ አብሮ እንዳይጠፋ በመደበኛ ስልክ ጥሪና በአጭር መልእክት መገናኘት ይቻላል።

ክቡራትና ክቡራን፣

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን የቤታችን ጉዳይ ነው። አንድ አባል ስኳር የቀላቀለባት አንድ ጣሳ የሁላችንንም ስም ታጠፋለች። የአንዱ ማር ከሌላው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ይመርመር፤ የአስረካቢው ስምም ይመዝገብ። ጠቅላላ ጉባኤው ይህንን በውስጠ ደንብ እንዲያጸድቅ፣ የወረዳ አመራሮችም የርጥበት መለኪያ መሣሪያና ሥልጠና በማመቻቸት እንዲተባበሩን በአክብሮት እጠይቃለሁ።