አደጋው የሚነገረው ለማን ነው?

(በቂሊንጦ ለተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲጠሩት ደረቅ ይመስላል፤ የማዕድን ሥራ በአካባቢና በሰው ኑሮ ላይ ሊያመጣ የሚችለውን አደጋ ለሕዝብ ስለ መግለጽ ነው። ይኽ የሚኒስቴርና የኩባንያ ጉዳይ እንጂ የተማሪ አይደለም የሚል ቢኖር፥ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር ለግማሽ ሰዓት ይቁምና ድንጋይ፥ ጠጠርና ገረጋንቲ ጭነው የሚያልፉትን መኪናዎች ይቍጠር። ማዕድን በተባለ ቍጥር ለብዙዎቻችን የሚታየን ወርቅ ብቻ ነው። የማዕድን ሥራዎች ዐዋጅ ቍጥር 678/2002 ግን ለግንባታ የሚውለውንም ድንጋይ ከማዕድን ይቈጥረዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ፎቅ በፎቅ ላይ ስትደርብ ማዕድኑ የሚወጣላት ከሩቅ አገር አይደለም፤ ካባው ያለው በከተማዋ ዳርቻ ነው፥ ከዳርቻዎቿም አንዱ ይኸው የእኛ አቃቂ ቃሊቲ ነው።

አቃቂ ደግሞ ከሌላው ዳርቻ የሚለይበት ነገር አለ። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ቀላል የማይባለው ክፍል የሚሳበው ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ውሃው የሚገኘው ጥንት እሳተ ገሞራ ከተፋው ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ውስጥ ነው፤ ጂኦሎጂ የሚያጠኑት ጓደኞቻችን ስኮሪያ ይሉታል፥ መንገድ የሚሠሩት ደግሞ ቀይ አሸዋ። እንግዲህ አንዱ ወገን ውሃ የሚጠጣበትን የድንጋይ ዘር ሌላው ወገን ለመንገድ ሊያነጥፈው ይፈልገዋል ማለት ነው። ካባ ሲከፈት አስቀድሞ የሚነሣው የላዩ አፈር ነው፤ ወደ ታች የሚሰርገውን ውሃ ያጣራ የነበረውም ያው አፈር ነበር። ድንጋዩ አልቆ ጉድጓዱ ሳይሞላ ሲቀር ጎርፍ ይጠራቀምበታል፥ ቆሻሻ ይጣልበታል፥ ልጅና ከብት ይገባበታል።

ከካባ አጠገብ ቤት የሠራ ሰው ሊያውቀው የሚፈልገው ብዙ አይደለም። ድማሚቱ በስንት ሰዓት ይፈነዳል? ግድግዳዬ ቢሰነጠቅ የምጠይቀው ማንን ነው? ጉድጓዱ ምን ያህል ይጠልቃል? ሥራው ሲያበቃስ ማን ይደፍነዋል? የዚህ ሁሉ መልስ ሥራው ሳይጀመር በጥናት ሊጻፍ የሚገባው ነገር ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረ ሰባቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል፤ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ጨምሮበታል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ዐዋጅ ቍጥር 299/1995 ደግሞ ከዚህ አልፎ፥ በአንቀጽ 15 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት፥ በተለይም ጕዳቱ ሊደርስባቸው የሚችሉት ነዋሪዎች የተናገሩት በጥናቱ ውስጥ እንዲገባ ደነገገ። አንቀጹ መልካም ነው። ነገር ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ጥራዝ በአንድ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ «የፈለገ መጥቶ ያንብብ» ማለትም ተደራሽ ማድረግ ሊባል ይችላል። ለዚህ ነው ሕጉ ሳይጣስ ሕዝቡ ሳያውቅ የሚቀረው።

ይኽ ጉድለት የሚያስከትለውን ነገር ከለገደንቢ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። በኦሮሚያ ክልል፥ በጉጂ ዞን፥ በሻኪሶ አጠገብ ያለው ይኽ የወርቅ ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1997 ከመንግሥት እጅ ወደ ሚድሮክ ተዛወረ። ነዋሪዎቹ ከብታችን አለቀ፥ ሴቶቻችን ያስወርዳቸዋል፥ ልጆቻችን አካላቸው ተጎድቶ ይወለዳሉ እያሉ ለብዙ ጊዜ አቤት አሉ። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ለዐሥር ዓመት መታደሱ በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ በግንቦት ወርም መንግሥት ሥራውን አገደ። ኩባንያው ክሱን አልተቀበለም። በ2013 ዓ.ም. ሥራው እንደ ገና ተጀመረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ነዋሪዎቹ ስለ ውሃቸውና ስለ ጤንነታቸው ሊያውቁት የሚገባው የጥናት ውጤት ይፋ አለመደረጉን ነቀፈ።

እዚህ ላይ ማን እንዳጠፋ ለመፍረድ አልተነሣንም፤ ፍርዱ የፍርድ ቤትና የላቦራቶሪ ነው። እኛን ያስገረመን ሌላ ነው። ወርቅ ከተፈጨ ድንጋይ የሚለየው በሳያናይድ እንደ ሆነ፥ የተረፈው ጭቃ በግድብ እንደሚታቈር፥ ድንጋዩም ራሱ አርሴኒክ ሊኖርበት እንደሚችል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ከግድቡ በታች ያለውን ወንዝ በየወሩ ቀድቶ መለካትና ቍጥሩን በወረዳው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ትልቅ ጥበብ አይጠይቅም። ቍጥሩ በየወሩ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ፥ ውሃው ንጹሕ ከሆነ ኩባንያው መከላከያ ባገኘ ነበር፤ ካልሆነም እናቶቹ ሌላ ምንጭ በፈለጉ ነበር። ቍጥር በእጁ የያዘ ሰው ይከራከራል፤ ቍጥር የተነፈገ ሰው ግን መንገድ ከመዝጋት በቀር ምን ይቀረዋል?

አደጋን መግለጽ አይቻልም እንዳይባል ሲፈለግ ይቻላል። ብሬ ኤክስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ ታላቅ ወርቅ አገኘሁ ብሎ አክሲዮን ሲሸጥ ቆይቶ ማታለሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ተገለጠ። ካናዳውያን በ2001 ሕግ አወጡ፤ ኩባንያ ስለ ማዕድኑ ለሕዝብ የሚናገረው ሁሉ በዕውቀቱ በተመሰከረለት ባለሙያ የተደገፈ እንዲሆን አስገደዱ። የአገራችንንም ነገር ብንመለከት፥ በምዕራብ ወለጋ የቱሉ ካፒን ወርቅ የያዘው ኬፊ አክሲዮኑ በሎንዶን የሚሸጥ ስለ ሆነ፥ ሥራውን ሊያሰናክሉ የሚችሉትን አደጋዎች በዓመታዊ ሪፖርቱ እየዘረዘረ ያሳትማል። ኩባንያውን በዚህ አንወቅሰውም፤ እንዲያውም የሚገባውን አደረገ። ግን አስቡት፤ ሎንዶን ተቀምጦ ጥቂት ፓውንድ ያወጣ ሰው ገንዘቡ የሚያሰጋውን ነገር በገዛ ቋንቋው ያነባል፤ መሬቱንና ምንጩን የሚያጣው ገበሬ ግን እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በኦሮምኛ የማግኘት መብቱን የሚያስከብርለት የአክሲዮን ገበያ የለውም። አደጋው ወደ ላይ ይነገራል፥ ወደ ታች ግን አይነገርም።

ወደ ላይ ብቻ መናገር ደግሞ ላይ ያሉትንም አላዳነም። በብራዚል፥ በብሩማዲንዮ፥ ቫሌ የተባለው ኩባንያ የማዕድን ጭቃ ያቈረበት ግድብ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ተደርምሶ 270 ሰዎች ሞቱ። ግድቡ ጽኑ ነው የሚል የምስክር ወረቀት ከተሰጠው ገና ጥቂት ወራት ነበር። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጡረታ ቦርድና የስዊድን የጡረታ ገንዘቦች በመቶ ለሚቈጠሩ ኩባንያዎች ደብዳቤ ጽፈው ስለ ግድቦቻቸው የሚያውቁትን በይፋ እንዲያወጡ ጠየቁ፤ ብዙዎቹም አወጡ። ለዘመናት ምሥጢር የተባለው ነገር በአንድ ደብዳቤ ወጣ ማለት ነው፥ ያውም ከጡረተኞች በመጣ ደብዳቤ!

«ሕዝቡ ቢነገረው አይገባውም፥ ይሸበራል፥ ባለሀብትም ይሸሻል» ሲባል ሰምተናል። ሰው የጉድጓዱን ውሃ ጣዕም መለወጥ ከማንም በፊት ያውቃል፤ የማይገባው በማያውቀው ቋንቋ ሲነገረው ነው። ሽብርስ ከወሬ እንጂ ከቍጥር አይመጣም። ስለ ባለሀብቱም ቢሆን፥ በለገደንቢ ሥራውን ያስቆመው ዝምታ የወለደው ቍጣ እንጂ የተለጠፈ ወረቀት አልነበረም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ስለ አቃቂ ወንዝ፥ ስለ ጉድጓዶቹና ስለ አፈሩ የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች በአዲስ አበባ ከተማ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት ተደርድረዋል። ጐመኑን በአቃቂ ወንዝ የሚያጠጣ ገበሬ የነዚህ ጥናቶች ባለቤት ነው፤ ናሙናው ከእርሱ ማሳ የተወሰደ ነውና። ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛው፥ በአቃቂ ቃሊቲ ላይ ከሚሠራ ከማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ጋር በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፈ የአንድ ገጽ ቃል ተዘጋጅቶ ናሙናው ለተወሰደበት ሰፈር እንዲሰጥ መምህራኖቻችንን እንለምናለን። ሁለተኛው፥ በአካባቢያችን ስላሉት ካባዎች የተደረጉት የተጽዕኖ ጥናቶች እንዲታዩልን ማኅበሩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በአንቀጽ 15 መንፈስ ደብዳቤ ይጻፍ። ከተፈቀደልን አጠቃልለን በዚህ ጋዜጣ እናትማለን፤ ካልተፈቀደልንም ደብዳቤውንና የተሰጠንን መልስ እናትማለን።

ሐሳቡ በሚቀጥለው ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባል። እስከዚያው ለመተርጐም ፈቃድ ያላችሁ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ፤ ኦሮምኛ አሳምረው የሚጽፉ በብዛት ያስፈልጉናል።