አጭር ናት ብለን ከመሳቃችን በፊት
(ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በክፍላችሁ ውስጥ ሰልፍ ሲወጣ ሁልጊዜ ከፊት የምትቆም አጭር ልጅ የለችም? አጭር መሆን አብዛኛውን ጊዜ በሽታ አይደለም። ወላጆቿ አጭር ከሆኑ እሷም አጭር ልትሆን ትችላለች። የምግብ እጥረትም እድገትን ይገታል። ነገር ግን አንዲት ልጅ 14 እና 15 ዓመት ሞልቷት ከእኩዮቿ በጣም ካነሰች፣ ጡቷ ካላጎጠጎጠ፣ የወር አበባም ካላየች ሰፈሩ ዝም አይልም። አንዱ «እርግማን ነው» ይላል፤ ሌላው «ድንክ» ብሎ ይጠራታል። እናቷም «ነፍሰ ጡር ሳለች ምን አድርጋ ይሆን?» ተብላ ትታማለች። ለዚህ ችግር ምክንያት ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ ተርነር ሲንድረም ይባላል። ዛሬ የምንነጋገረውም ስለ እሱ ነው።

ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1938 ምልክቶቹን ከገለጸው አሜሪካዊ ሐኪም ከሄንሪ ተርነር ነው። ምክንያቱ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1959 በእንግሊዝ አገር በተደረገ ምርምር ነው። በባዮሎጂ እንደተማራችሁት የሰው ልጅ ሴል 46 ክሮሞዞሞች አሉት። ከእነዚህም ሴቶች ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም አላቸው። ተርነር ባለባት ልጅ ግን አንዱ ኤክስ በሙሉ ወይም በከፊል ይጎድላል። ከሚወለዱ 2,000 እስከ 2,500 ሴቶች መካከል አንዷ ላይ ይከሰታል። በአንዳንዶቹ ደግሞ ከፊሉ ሴል 45፣ ከፊሉ 46 ክሮሞዞም ይይዛል። ስለዚህ ምልክቱ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይለያያል።

ልብ በሉ! ይህ የሚሆነው ሴል ሲከፋፈል በሚፈጠር አጋጣሚ ነው። የእናትም፣ የአባትም፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ታዲያ ቁመቷ ለምን ያጥራል? በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ሾክስ የሚባል፣ አጥንት እንዲረዝም የሚያግዝ ዘረመል አለ። አንዱ ኤክስ ሲጎድል ከሁለቱ ሾክስ አንዱም አብሮ ይጎድላል። አብዛኞቹ ልጆች የእድገት ሆርሞን አላነሳቸውም፤ አጥንታቸው ግን ሆርሞኑን እንደሌሎቹ አይጠቀምበትም። ለዚህ ነው ሐኪሞች ተጨማሪ ሆርሞን በመርፌ የሚሰጡት።

ድሮ ይህ ሆርሞን የሚወሰደው ከሞቱ ሰዎች አንጎል ሥር ካለች ትንሽ እጢ ነበር። አንዳንድ ተጠቃሚዎች አንጎልን በሚጎዳ ገዳይ በሽታ ስለተያዙ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት በቤተ ሙከራ የሚሠራው ሆርሞን ተፈቀደ። ለተርነር ሲንድረም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ተፈቀደ። በካናዳ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት ሆርሞኑን ለዓመታት የወሰዱ ልጆች ካልወሰዱት በአማካይ ወደ 7 ሳንቲ ሜትር በልጠው ተገኝተዋል።

«7 ሳንቲ ሜትር ምን ታመጣለች?» ትሉ ይሆናል። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ማውረድ ለሚያቅታት ልጅ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም እኩል አይረዝሙም። የጀመሩበት ዕድሜ፣ የወላጆቻቸው ቁመት፣ የመድኃኒቱ መጠን ልዩነት ያመጣል። ዘረመልም የራሱ ድርሻ አለው። ሆርሞኑን የሚቀበለው የሴል ክፍል በሰዎች ዘንድ በሁለት ዓይነት መልክ ይገኛል፤ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በሌላ ምክንያት ያጠሩ ልጆችን አጥንተው አጠር ያለውን ዓይነት የያዙት ለሕክምናው የበለጠ ማደጋቸውን አሳዩ። ተርነር ባለባቸው ልጆች ላይ ሲሞከር ግን አንዱ ጥናት ልዩነት ሲያገኝ ሌላው አላገኘም። ስለዚህ ሐኪም ዛሬም የሚመራው ልጅቷን በየጊዜው እየለካ ነው። አንዷ ከሌላዋ ያነሰ ብትረዝም ሰነፈች ማለት አይደለም!

ዋናው ቁም ነገር ጊዜ ነው። የአጥንት ጫፍ ላይ ያለው ልስልስ ክፍል ጠንክሮ ከተዘጋ በኋላ ሆርሞኑ ቁመት አይጨምርም። በ16 ዓመቷ ከምትታወቅ በ6 ዓመቷ ብትታወቅ ይሻላል።

እውነቱን እንነጋገር፤ መርፌው ውድ ነው፣ በየቀኑ ይወሰዳል፣ ፍሪጅም ይፈልጋል። ሁሉም ቤተሰብ አይችለውም። ግን ምርመራው የሚጠቅመው ለቁመት ብቻ አይደለም። አንዳንዶቹ ከልብና ከትልቁ የደም ሥር ችግር ጋር ይወለዳሉ፤ ካልታየ ለሕይወት ያሰጋል። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ደግሞ ጡት እንዲያድግ፣ አጥንትም እንዲጠነክር ይረዳል። አብዛኞቹ ያለ ሕክምና እርዳታ መውለድ ይቸግራቸዋል። አእምሯቸው ግን ደህና ነው። ሒሳብ የሚከብዳቸው ቢኖሩም ተምረው ሥራ ይዘው የሚኖሩ ብዙ ናቸው።

እህቶቼ፣ ራሳችሁን ወይም ታናሽ እህታችሁን ከተጠራጠራችሁ ለእናት ወይም ለምታምኑት አስተማሪ ንገሩ፤ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የክሮሞዞም ምርመራ የሚደረገው በደም ነው። ወንድሞቼ፣ እናንተ ደግሞ ቅጽል ስም ማውጣቱን ተዉት። የሚሳቅባት ልጅ ትደበቃለች፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም። እሷ ተደብቃ የምታሳልፋት እያንዳንዷ ዓመት ደግሞ ተመልሳ አትመጣም።