ያለ ብዙ ዘይት የሚኮረሸም የዓሣና የድንች ክሮኬት

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገችው ንግግር





ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ታሪክና ስለ ሳይንስ ትልልቅ ነገር አሰምተዋችኋል። የእኔ ነገር ግን ከማድቤት የወጣ ነው፤ ይኸውም ዓሣንና ድንችን አጣምሮ፣ በጋለ ዘይት ውስጥ ሳይነክሩ፣ ሲነክሱት ኩርሽም የሚል ክሮኬት በቤት ውስጥ ስለ መሥራት ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ ወደ እርሱ ያደረሰኝ ምክንያት ለቤታችን ትንሽ አልነበረም።

እንደምታውቁት ከተማችን ሐዋሳ የሐይቅ ከተማ ናት። በማለዳ ወደ አሞራ ገደል የወረደ ሰው ቆሮሶውና አምባዛው ከጀልባ ወርዶ ሲገፈፍና ሲበለት ያያል። ዳሩ ግን የዓሣ ጥብስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ድስት ሙሉ የጋለ ዘይት ነው። በእኛም ቤት እንደዚሁ ነበር። ከ4 ዓመት በፊት ታናሽ እኅቴ እናታችንን ለመርዳት ብላ፣ ታጥቦ ውኃው ያልጠፈፈለትን የዓሣ ቁራጭ ከጋለው ዘይት ውስጥ ጣለችው። ዘይቱ ተንጣጥቶ ክንዷን አቃጠላት። ጎረቤት ተሰብስቦ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ ሊጥ ቀባት። ይህ ስሕተት እንደ ነበረ የተማርኩት ኋላ ነው፤ ለተቃጠለ ገላ በመጀመሪያ የሚገባው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ፣ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

እኅቴ ዳነች፤ ጠባሳው ግን ቀረ። እናቴም በዚያን ዕለት መጥበሻውን ሰቅላ፣ «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ዘይት አይንጣጣም!» አለች። ከዚያ ወዲህ ዓሣ በቤታችን በወጥ ብቻ ይበላ ጀመር፤ እኅቴም እሳት ወዳለበት መጠጋት ተወች። ይህን እንድናገር የፈቀደችልኝ እርሷው ራሷ ናት።

እንግዲህ በባልትና ማኅበራችን ውስጥ ሥራ ስንከፋፈል እኔ የጠየቅሁት ይህ ነው፤ ለመሆኑ ምግብን የሚያኮረሽመው የዘይቱ ብዛት ነውን? መልሱን ያገኘሁት በፊዚክስና በኬሚስትሪ ትምህርታችን ነው። ውኃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በሐዋሳ ግን በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የመጥበሻ ዘይት ግን እስከ 180 ዲግሪ ይደርሳል። እርጥብ ነገር በዘይት ውስጥ ሲገባ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል፤ እኅቴን ያቃጠላትም ይኸው ነው። በምግቡ ላይ ውኃ እስካለ ድረስ ደግሞ የምግቡ ገጽ ከውኃ መፍያ እጅግም ስለማያልፍ ቀልቶ ሊደርቅ አይችልም። ውኃው ሲያልቅ ግን ሙቀቱ ከፍ ይላል፤ ገጹም ይቀላል፣ ሽታውም ያውዳል። ይህን የመቅላት ነገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. ገልጾ የጻፈው ፈረንሳዊው ሐኪምና ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር ነው።

ስለዚህ ክሮኬትን የሚያልፈሰፍሰውና እኅቴን ያቃጠላት አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ውኃ ነው። ዘይት ሙቀትን የሚያደርስ መልእክተኛ እንጂ ሌላ አይደለም። ውኃውን አስቀድሞ ያስወገደ ሰው በጥቂት ዘይት ሥራውን ይፈጽማል።

ክሮኬት የሚለው ስም ራሱ ‹መቆርጠም› ከሚል የፈረንሳይኛ ግሥ የመጣ ነው፤ ካልተቆረጠመ ስሙ አይገባውም ማለት ነው። ድንቹም ቢሆን እንግዳ አይደለም፤ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ዓ.ም. ወደ አገራችን እንዳስገባው ይነገራል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ለ20 ያህል ክሮኬት የሚያስፈልገው 1 ኪሎ ድንች፣ ግማሽ ኪሎ የዓሣ ፊሌቶ፣ 1 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 2 ቃሪያ፣ 2 ዕንቁላል፣ ጥቂት የስንዴ ዱቄት፣ 2 ስኒ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ፣ እንዲሁም 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ነው። 4 ማንኪያ ዘይት 60 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል፤ በዘይት ነክሮ ለመጥበስ ግን ቢያንስ 1 ሊትር በድስቱ ውስጥ መኖር አለበት። የዘይትን ዋጋ ለወላጆቼ መንገር አያስፈልገኝም።

አንደኛ፣ ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅሉት፤ ተልጦ ከተቀቀለ ውኃ ይጠጣል። ውኃችን ከባሕር ዳርቻ አገሮች ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ ጥቂት መታገሥ ይገባል። ሲበስል አጥልሉትና ልጣጩን አንሥታችሁ፣ ወደ ባዶው ድስት መልሳችሁ እንፋሎቱ እስኪወጣ በዝግታ እሳት ላይ አናውጡት። ከዚያም ትኩሱን ደቁሱት፤ ነገር ግን አብዝታችሁ አትሹት፣ እንደ ሙጫ ይሆናልና።

ሁለተኛ፣ ዓሣውን በውኃ አትቀቅሉት። ጨው ነስንሳችሁ፣ በተከደነ መጥበሻ ላይ በራሱ እርጥበት ይብሰል፤ ያወጣውንም ውኃ ድፉት። ከዚያ በጣት እየፈታችሁ አጥንቱን ልቀሙ። አንድ ሰው ከለቀመው በኋላ ሌላ ሰው ደግሞ ይልቀመው፤ ለሕፃናት የሚቀርብ ምግብ ነውና።

ሦስተኛ፣ ቀይ ሽንኩርቱን እናቶቻችን ለወጥ እንደሚያደርጉት ያለ ዘይት አቁላሉት። ውኃው ሲጨርስ ነጭ ሽንኩርቱንና የተከተፈውን ቃሪያ ጨምሩ። ሁሉንም ከድንቹና ከዓሣው ጋር ቀላቅላችሁ ሲበርድ፣ በአውራ ጣት ውፍረት አድቦልቡሉትና ለግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ቦታ አሳርፉት።

አራተኛ፣ የምሥጢሩ ቁልፍ የሆነው ይህ ነው፤ ፍርፋሪውን በ3 ማንኪያ ዘይት አሽታችሁ በመጥበሻ ላይ የማር መልክ እስኪይዝ አምሱት። የማቅላቱን ሥራ አስቀድማችሁ ጨረሳችሁ ማለት ነው። ከዚያ ክሮኬቱን በመጀመሪያ በዱቄት፣ ቀጥሎ በተመታ ዕንቁላል፣ በመጨረሻም በፍርፋሪው አልብሱት። በጾም ዓሣ የሚበላበት ቤት ከሆነ፣ በዕንቁላሉ ፈንታ በውኃ የተበጠበጠ የሽምብራ ዱቄት ይበቃል።

አምስተኛ፣ ኦቨን ያለው ሰው በ220 ዲግሪ፣ በ1 ማንኪያ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ይጋግረው፤ በ10ኛው ደቂቃ ይገልብጠው። ኦቨን የሌለው ግን አይዘን፤ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም በእሳት ሲጋገር ያላየ ማን አለ? የብረት ምጣዱን ዘይት ቀብታችሁ ክሮኬቱን ደርድሩ፣ በብረት ክዳን ክደኑ፣ በክዳኑም ላይ ፍም አድርጉ። ይህ ግን ደጅ ወይም አየር በሚገባበት ማድቤት ይሁን፤ በተዘጋ ቤት ከሰል ነፍስ ያጠፋል።

ሲወጣ በሳሕን ላይ አትከምሩት፤ የራሱ እንፋሎት መልሶ ያልፈሰፍሰዋል። በሰፌድ ላይ አራርቃችሁ ብታደርጉት ከታችም አየር ያገኘዋል። ከሎሚና ከአዋዜ ጋር ይቀርባል።

ይህን ሁሉ የምናገረው በመጀመሪያው ቀን ስለ ተሳካልኝ አይደለም። የመጀመሪያው ሙከራዬ በጓደኞቼ ፊት ፈርሶ ገንፎ ሆኗል፤ ድንቹን ልጬ ስለ ቀቀልሁት ነው። በሁለተኛው ፍርፋሪውን ሳላምስ አልብሼው፣ ውስጡ ሲደርቅ ላዩ ነጭ እንደ ሆነ ቀረ። በሦስተኛው የእንጀራ ድርቆሽ ወቅጠን በዳቦው ፈንታ ሞክረን ነበር፤ ኮረሸመ፣ ነገር ግን ኮምጠጥ ስላለ ግማሾቻችን ወደድነው፣ ግማሾቻችን ጠላነው። በአራተኛው ሰመረልን።

አምስተኛውን የሠራሁት በቤታችን ነው። እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ፣ «ልጄ፣ ዘይቱ የታለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ማንኪያውን አሳየኋት። እኅቴ በመጀመሪያ ከሩቅ ትመለከት ነበር፤ ምንም የሚንጣጣ ድምፅ አለመኖሩን ስታይ እጇን ታጥባ መጥታ ማድቦልቦል ጀመረች። ሲበስልም ክዳኑን በጉጠት ያነሣችው እርሷ ናት። ከ4 ዓመት በኋላ ወደ እሳቱ የተጠጋችው በዚያን ቀን ነው። በዚህ በዓል ከሰዓት በኋላ ከምትቀምሱት ክሮኬት ብዙውን ያዘጋጀችው እርሷ ስለ ሆነች፣ ምስጋናው ለእርሷ ይሁን።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ትምህርት የሚጠቅመው በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። ውኃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ማወቅ አንዲትን ልጅ ከፍርሃት ካወጣት፣ የአንድ ቤትንም ዘይት ካተረፈ፣ መምህሮቻችን በከንቱ አልደከሙም።

ትምህርት ቤታችን ለሚመጡት ልጆች ሁሉ እንዲህ የሚጠቅም ዕውቀት የሚቀዳበት ምንጭ ሆኖ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ንግግሬን በዚህ እፈጽማለሁ።